የአባቴ ሦስት ኮርዶች

ሊፍቱ በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ቀጥ ሲል እጄ ላይ የሰው ጥርስ ነበር። ሙሉ መንጋጋ፣ የላዩም የታቹም፣ በጥጥ ተጠቅልሎ በትንሽ ካርቶን ውስጥ። ሥራዬ ጥርስ መሥራት ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ክፍላችን ጄሶ እናቦካለን፣ ሰም እንቀርጻለን፣ ለማናውቃቸው ሰዎች ፈገግታ ሠርተን እንልካለን። የዚያን ቀን ጥርሱ «ትንሽ ይቆረቁራል» ተብሎ ከሐኪሙ ተመልሶ ይዤው እየወጣሁ ነበር።

መብራቱም ጠፋ። በሩን ደበደብኩ፣ ጮህኩ፤ የሰማኝ የለም። የማደርገው ሲጠፋኝ የአባቴን ዜማ ማንጎራጎር ጀመርኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስፈራ የማደርገው ይህንኑ ነው።

ከበላዬ ብረት ተንኳኳና የወንድ ድምፅ «እህት፣ ደህና ነሽ?» አለ።

«ደህና ብሆን እዚህ ምን እሠራለሁ?»

ሳቀ። «አሥር ደቂቃ ስጪኝ። ማንጎራጎሩን ግን እንዳታቆሚ። ዝም ካልሽ ራስሽን የሳትሽ ይመስለኛል።»

አሥር ደቂቃው ሃያ አምስት ሆነ። ዜማውን ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት እንጃ። በመጨረሻ በሩ ሲከፈት ፊቱ ግራሶ የነካው፣ መፍቻዎቹን በወገቡ የታጠቀ ረጅም ልጅ ቆሟል። ላመሰግነው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ያ ዜማ የማን ነው?»

«የአባቴ።»

«ከሥሩ ሌላ ነገር ይፈልጋል» አለኝ።

እኔ ልመርቀው ስዘጋጅ እሱ አባቴን ይተቻል! ካርቶኔን አቅፌ፣ አንድም ቃል ሳልመልስለት ሄድኩ።

በሳምንቱ በምሳ ሰዓት ጊታር አዝሎ የክፍላችን በር ላይ ቆመ። ሠላሳ ዓመት ጥርስ የሠራችው አለቃዬ ከመነጽሯ በላይ አየት አደረገችውና «ሊፍቱ መጣልሽ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙ ሊፍቱ ሆኖ ቀረ።

«አንጎራጉሪው» አለኝ፣ የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያለውን የጄሶ ዱቄት በእጁ ጠርጎ እየተቀመጠ።

አባቴ የትምህርት ቤት የሙዚቃ መምህር ነው። ያንን ዜማ የሠራው ዓርብ ዓርብ ተማሪዎች እየዘመሩት ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ ነው። በጊታሩ የሚያጅበው በሦስት ኮርድ፣ አብረው በሚመቱ የድምፅ ቡድኖች፣ ብቻ ነው፤ ዶ፣ ፋ፣ ሶል። ደስ የሚል፣ ሰውን እንዳለ እያስሮጠ ከግቢ የሚያስወጣ ዜማ ነው። እኔም እንደዚያው ጀመርኩት። ሊፍቱ ግን ደስተኛው ዶ ሜጀር በሚመጣበት ቦታ ሐዘንተኛውን ላ ማይነር መታ።

እኔ ምንም አልቀየርኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ስትስቅልኝ የኖረች ያችው ድምፅ ግን ፊቷን አዞረችብኝ። እየቀጠልኩ ስሄድ ከሥሬ ያለው ነገር ሁሉ የማላውቀው ሆነ። መጨረሻ ላይ ዜማው ዶ ላይ ሲያርፍ፣ ሁልጊዜ ቤት ደረስን በሚለን ቦታ፣ እሱ ከሥሩ ፋን አስገባ። ደርሰናል፤ በሩን የሚከፍትልን ግን የለም። አለቃዬ ፊት ለፊት ቁጭ ብላ እያየችኝ አለቀስኩ።

«ምን አድርገኸው ነው?»

«ዜማውን እንደሆነ አንዲት ኖታ አልነካሁም። ያው ራስሽ ያዜምሽው ነው። እኔ የቆምሽበትን ወለል ነው የቀየርኩት።»

«የሊፍት ሠራተኛ ሌላ ምን ሊያስብ!» አለች አለቃዬ።

ለምን እንዳለቀስኩ ነገርኩት። እናቴ ፀጉሬን ስታበጥርልኝ ያንን ዜማ ታንጎራጉር ነበር። ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። አባቴ ትምህርት ቤት ለልጆቹ ይመታል፣ ቤት ውስጥ ግን ከዚያ ወዲህ ጊታሩን ነክቶት አያውቅም። ዕቃ ሲያጥብ ብቻ ዜማውን በጣም ዝግ አድርጎ ያንጎራጉራል። ያንን ዝግታ በየቀኑ ስሰማ ኖሬ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩትም ነበር። ሊፍቱ አላጽናናኝም። እስክጨርስ ሰማኝ፣ ከዚያ ጄሶ የለበሰ እጄን ያዘ፣ መያዙን ሲያውቅ ደንግጦ ለቀቀው።

እንዲህ ተጀመረ። የጣራው ቁልፍ እሱ ጋ ነበር። በየምሳ ሰዓቱ የሊፍቱ ሞተር ካለበት ክፍል አጠገብ፣ ጣራው ላይ እንቀመጣለን። እኔ የማውቀውን ዜማ ሁሉ አንጎራጉራለሁ፤ እሱ ከሥሩ ይለዋውጥለታል። «ይኼ ሁለት ሰዎች ሳይኳረፉ ነው» ይላል። «ይኼ ደግሞ ተኳርፈው፣ ሁለቱም ይቅርታ ለማለት ሲፈልጉ ነው።» ኮርዱን በጊዜው ለመቀየር አፌን ያያል። እኔ ጣቶቹን አያለሁ። አንዳንዴ ዓይኖቻችን በስህተት ይጋጫሉ። ቆየት ብሎ ስህተቱ ቀረ፣ መጋጨታቸው ግን አልቀረም።

በአምስተኛው ወር «ላገባሽ እፈልጋለሁ» አለኝ፤ መፍቻ እያጸዳ፣ ቀና ሳይል።

«መጀመሪያ ከአባቴ ጋር ተዋወቅ» አልኩት። ወድጄዋለሁ፤ እንቢ ልለው እንኳ ብሞክር አንደበቴ አይታዘዘኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ ለሆነው ጥፋት ሐሳቡ የኔ ነበር፤ መደበቅ አልፈልግም። አባቴ ጡረታ ሊወጣ ትምህርት ቤቱ ስንብት አዘጋጀለት። ሊፍቱ ዜማውን በአዲሶቹ ኮርዶች ይምታለት፣ ስጦታም ትውውቅም ይሁንለት አልኩ። ለአባቴ አንድም ነገር ሳንነግረው።

አዳራሹ በአሁኖቹና በድሮ ተማሪዎቹ ሞልቶ ነበር። ሊፍቱ መታ፣ ሰዉ ሁሉ ተቀብሎ ዘመረ። የመጀመሪያዋ ላ ማይነር ስትመጣ አንዳንዱ ተደናበረ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ግማሹ ዝም አለ። ሦስተኛው ላይ የምዘምረው እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አባቴን አየ። አባቴ የክብር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፈገግ ብሏል። እኔ ደግሞ ጥርስ አውቃለሁ፤ ያ ፈገግታ የተሠራ ነበር።

ቤት ስንገባ ኮቱን ሳያወልቅ ዞረብኝ።

«ሦስት ኮርድ ብቻ የማውቅ መስሏችሁ ነው?»

«አባዬ፣ ስጦታ ነው ያልነው...»

«ለስልሳ ልጅ አራት ጊታር ነበረኝ። ማንም ልጅ በሳምንት ውስጥ መትቶት ደስ እንዲለው አስቤ፣ መርጬ ነው ሦስት ያደረግኩት! ያ ልጅ በተማሪዎቼ ፊት አረመኝ። አንቺም ከጎኑ ቆመሽ ዘመርሽ።» በሩን በጣቱ አሳየኝ። «ከዚህ በር እንዳይደርስ።»

ሊፍቱ ይቅርታ ሊጠይቅ ሦስት ጊዜ መጣ፤ ሦስቱንም ጊዜ ከበር ተመለሰ። ጣራው ላይ ቁጭ ብለን «እውነቱን ልንገርሽ?» አለኝ። «ያን ቀን ‹ሌላ ነገር ይፈልጋል› ያልኩሽ ሙዚቃ የማያውቅ ሰው የሠራው መስሎኝ ነው። አሁን ደጋግሜ ስመታው ገባኝ፤ በሦስት ኮርድ ያን ያህል መናገር እኔ አልችልም። ምናልባት እኔ ከአንቺ ራቅ ብል ይሻላል። በኔ ምክንያት ከአባትሽ አትጣዪ።»

«ልራቅ ወይ ብለህ ማንን ጠየቅክ?» አልኩት። ደሜ ፈላ። ስድስት ዓመት እናቴን ያጣሁበት ቤት ውስጥ አባቴን ደግሞ በዝምታ አላጣም። እሱንም ለትህትናው ብዬ አልለቀውም። በማግስቱ ብቻዬን ማዘጋጃ ቤት ሄድኩና ለጋብቻ ፊርማ ቀን አስያዝኩ። ሦስት ወር ቆይቶ፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት።

ለሊፍቱ ጣራው ላይ ነገርኩት። ለአባቴ ቁርስ ላይ።

«ያለ እሱ አላገባም። ያለ አንተ አልፈርምም። አንዳችሁ ብትቀሩ ቆሜ ጠብቄ እመለሳለሁ።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለ አባቴ።

«የት ሮጥኩ አባዬ? ሦስት ወር ሰጥቼሃለሁ።»

ስኒውን አንስቶ ወደ ጓዳ ገባ። እኔ ግን የአባቴን ደካማ ጎን አውቀዋለሁ፤ ተማሪ መመለስ አይችልም። በዚያው ሳምንት ጊታሩን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርጄ አቧራውን ጠረግኩና ፊቱ ተቀመጥኩ።

«ሦስቱን ኮርዶች አስተምረኝ።»

ጣቶቼን አየ። «ጥፍርሽን ተቆረጪ» አለ።

ራሱ አልመታም። ጣቶቼን ግን አንድ በአንድ እያነሳ ክሩ ላይ ያስቀምጥልኛል። ከሰም ውስጥ የክራንቻ ቅርፅ የሚያወጡ ጣቶች ፋ ላይ ሲደርሱ ጨርሰው ዱዳ ሆኑ። ጫፋቸው ቆሰለ፣ ደረቀ፣ እንደገና ቆሰለ። ተስፋ ስቆርጥ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለኛል፤ እኔም ቀኑን እየቆጠርኩ የእንቁላሉ እግር መቼ እንደሚበቅል እጠይቀዋለሁ። በምሳ ሰዓት ደግሞ ጣራው ላይ ሌሎቹን ኮርዶች ከሊፍቱ እማራለሁ። ስለ ሊፍቱ አባቴ አይጠይቅም፣ እኔም አላነሳም። ስለ ቅዳሜውም እንዲሁ።

ለፊርማው ስድስት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ ሳሎን ጋዜጣ ያነባል። ጊታሩን ይዤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ዜማውን በሦስቱ ኮርዶች መትቼ ዘመርኩት። ሳይሳሳት ሄደልኝ። ጋዜጣውን ሳያወርድ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ እንደገና ጀመርኩ፣ በላ ማይነር።

ጋዜጣው ዝቅ አለ። «አቁሚ።»

አላቆምኩም። አንዱ ክር ተንጫጫብኝ። አባቴ ተነሳ፣ ወደ በሩ ሄደ፣ እጀታውን ያዘ። ጀርባውን እያየሁ ዘመርኩ። እስከ መጨረሻው፣ በሩ እስከማይከፈትባት ፋ ድረስ።

«አባዬ» አልኩት፣ «ይኼ እርማት አይደለም። ዕቃ ስታጥብ የምታንጎራጉረው ነው። እኔ በየቀኑ የሰማሁትን ነው ሊፍቱ በጊታር ያገኘው። አንተን ሳያውቅህ ሰምቶሃል። ሳያስፈቅድህ በሰው ፊት መምታቱ ጥፋት ነው፤ ጥፋቱም የሁለታችን ነው። የመታው ግን ውሸት አይደለም።»

እጁ እጀታው ላይ እንዳለ ቆየ። እንደሚወጣ እርግጠኛ ነበርኩ።

«እሷ ስትሄድ ሞክሬው ነበር» አለ፣ ሳይዞር። «ዓመት ሙሉ፣ አንቺ ሥራ ስትሄጂ። ደስታው አፌ ላይ መራራ ሆኖብኝ፣ ዜማውን ልቀይረው ስል... ዜማው ግን የእሷ ሆኗል። እንዴት ብዬ እነካዋለሁ? ተውኩት።» እጀታውን ለቀቀ። «ከሥሩ ብቻ መንካት እንደሚበቃ አልታየኝም። እኔ! ሙዚቃ አስተማሪው!»

ጊታሩን አስቀምጬ ልነሳ ስል ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ግንባሩ ግን ተማሪ ሲያርም እንደሚቋጠረው ተቋጥሯል።

«ደግሞ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስህተት አለበት።»

«ምን?»

«ዜማው ገና ላ ላይ ሳለ ሚ ሰባት የሚባለውን ኮርድ ከሥሩ አስገባበት። ይቧጨራሉ። ኮርዱ ልክ ነው፤ አንድ ምት ቀድሞ ነው የገባው። ችኩል ነው ልጁ። ጥሪው።»

«አሁን?»

«አሁን ነዋ! እንዲህ እንደተሳሳተ ይኑር?»

ሊፍቱ ሸሚዙን ባልተስተካከለ ቁልፍ ቆልፎ፣ እያለከለከ መጣ። በሩ ላይ ቆመ፤ ልግባ አልግባ ብሎ እግሩ አቅማማ። አባቴ ሰላምታ አልሰጠውም። ጊታሩን አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገና፣ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እኔ እየሰማሁ፣ ቤታችን ውስጥ መታ። ሦስተኛውን ስንኝ፣ ሊፍቱ እንደሚመታው።

«ይሰማሃል?»

«መምህር፣ እዚያ ጋ ትንሽ ውጥረት ፈልጌ ነበር...»

«ውጥረት ሌላ፣ መቧጨር ሌላ። አንድ ምት ጠብቅ። ዜማው ወደ ሲ ይውጣ፣ ከዚያ ግባ።» መታው። ሊፍቱ ራሱን ነቀነቀ። ልዩነቱ ለእኔም ገባኝ፤ ሐዘኑ እንዳለ ነው፣ ዜማውን ግን መጎንተል ትቷል።

«እውነትዎን ነው» አለ ሊፍቱ። ከዚያ ጎንበስ አለ። «መምህር፣ የአዳራሹ ነገር... ሳልጠይቅዎ፣ በልጆችዎ ፊት አጥፍቻለሁ።»

«አዎ፣ አጥፍተሃል» አለ አባቴ። «የራስህን አውጣና ከመጀመሪያው እንሂድ። አንቺም ዝፈኚ እንጂ፣ ምን ትመለከቻለሽ?»

ዘፈንኩ። ሁለት ጊታር ከሥሬ ነበር። አባቴ ያለቅስ ነበር፤ እጆቹ ሥራ ላይ ስለነበሩ እንባውን አልጠረገም። ሊፍቱ እንዳላየ ሆኖ አፌን ብቻ እያየ መታ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ አንድ ምት ጠበቀ።

ስንጨርስ አባቴ ጊታሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ተነስቶ ሊፍቱን ከእግር እስከ ራሱ አየው። የሸሚዙ ቁልፎች ላይ ሲደርስ ፊቱን ቋጠረ።

«ፊርማው መቼ ነው ያልሽው?» አለኝ። ልቡ አሳምሮ ያውቃል።

«ቅዳሜ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት።»

እንደገና ወደ ሊፍቱ ዞረ።

«ሦስት ሰዓት ላይ እዚህ ና» አለው። «አብረን እንሄዳለን።»