ደወሉ በድንጋይ የተመታ ዕለት

የርእሰ መምህር ኪዳነ ወልድ ሬሳ ከትምህርት ቤቱ ጓሮ፣ ጣና ዳር ካለው ደንገል መሀል ተደፍቶ ተገኘ። የራስ ቅላቸው ከኋላ ተሰንጥቋል። ገዳዩ በአንድ ምት አልረካም፤ ከወደቁ በኋላም ደጋግሞ ቀጥቅጧቸዋል። በላያቸው ላይ የዓሣ መረብ ተጥሎባቸው ነበር።

«የዩሱፍ መረብ ነው!» ብሎ አንዱ ጮኸ፤ በቃ፣ ሌላ ማስረጃ የጠየቀ የለም። ኢንስፔክተር ወለተ ሚካኤል ስትደርስ የወላጅ መንጋ ዓሣ አስጋሪውን ዩሱፍን መሬት ላይ ጥሎ በእርግጫ ይለዋል። ታንኳውም ዳር ላይ በእሳት ይነድዳል። ሽጉጧን አውጥታ ወደ ሰማይ ተኮሰች።

«ቀጣዩ ወደ ሰማይ አይደለም» አለች። መንጋው ገለል አለ።

ወለተ ሚካኤል ቁጡ ሴት ናት። ሲዋሿት ግን አትቆጣም፣ ዝም ትላለች፤ የሚያውቋትም ይኸን ዝምታዋን ነው የሚፈሩት። ጎንበስ ብላ ሬሳውን አየች። አንገታቸው ላይ የቀረው ሰንበር እንደ ገመድ የተሸረበ ነው። የቤት መሥሪያ ፌሮ ሲያርፍ እንዲህ ያለ ምልክት እንደሚተው ታውቃለች።

ትምህርት ቤቱ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ብቻ ያለው ትንሽ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ግማሹ ተማሪ የዓሣ አስጋሪና የታንኳ ሠሪ ልጅ ነው፤ ግማሹ ባሕር ዳር ፋብሪካና ኮሌጅ የሚሠራ የደሞዝተኛ ልጅ። የትምህርት ቤቱ ውጤት ዝቅ ባለ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው በሐይቅ ዳር ልጆች ላይ ነው። የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ደግሞ ነገ ነው። ገዳዩ ዩሱፍ ከተባለ፣ ነገ ከእነዚህ ልጆች አንድም በዚያ በር ደፍሮ አይገባም።

«ደወል ሳይደወል ማን ማን ገብቶ ነበር?» ብላ ዘበኛውን ጠየቀችው።

«ከጋሽ ኪዳነ ወልድ በቀር ሦስት ሰው ነው፤ ዩሱፍ፣ ምክትሉ መምህር አዘዘና መምህርት እናትዓለም። ሌላ ነፍስ አልገባም።»

ዩሱፍ ካፉ ደም እየተፋ ተናገረ፤ «አልገደልሁም! ጧት አስጠርተው ‹ልጅህ ነገ ትፈተናለች› አሉኝ። በደስታ እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። መረቤንማ ሁልጊዜ የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ አሰጣዋለሁ፤ የፈለገ ያነሣዋል።»

«ድሮስ ለምን አትፈተንም?»

ልጁ ሪሃና አጠገቡ ተንበርክካ ነበር። «መምህር አዘዘ የሐይቅ ዳሩን ልጆች በሙሉ በሒሳብ ጣሉን፤ ‹ክፍል ድገሙ› አሉን፣ እትየ። ጋሽ ኪዳነ ወልድ ግን ቅዳሜ ራሳቸው ጥቁር ሰሌዳ ላይ አውጥተው ፈተኑን። ሁላችንም ሠራነው። ያኔ ፊታቸው ተለዋወጠ።»

መምህር አዘዘ ረጅም ሰው ነው፤ በሸሚዝ ብቻ ሆኖ መጣ። «ዓርብ ዕለት ይኸ ሰውዬ ‹ልጄን ካስቀራችሁ አንድ ነገር ይፈጠራል› ብሎ ሲዝት ግቢው በሙሉ ሰምቷል» አለ። «እነዚህ ልጆች ውጤታችንን አፈር አበሉት። ትምህርት ቤቱ ሊታጠፍብን እኮ ነው፣ ኢንስፔክተር!»

ወለተ ሚካኤል ዝም አለች።

እናትዓለም ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች መጣች። አጭር ናት፤ የቀኝ መዳፏ ተልጦ ደምቷል።

«እጅሽን ምን ነካሽ?»

«ደወሉን በድንጋይ ስመታ ላጠኝ።»

«ምነው፣ መምቻ የለውም?»

«አለው፣ ፌሮ ነው። ልጆች እያነሡ እንዳይጫወቱበት ተረኛው መምህር ደስ ባለው ቦታ ይደብቀዋል፤ ቦታውን የምናውቀው መምህራን ብቻ ነን። ዓርብ ከመምህር አዘዘ ተረከብሁና ከቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ኋላ አኖርሁት። ዛሬ ሄጄ ባየው የለም።»

«አዘዘ ተረኛ ሲሆኑ የት ያኖሩታል?»

«ከመምህራን ክፍሉ በር በላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር። እኔማ አልደርስበትም።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በመምህራን ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወላጆች በመስኮት ይጋፋሉ። ወለተ ሚካኤል ፌሮውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ታጥቧል፤ ነገር ግን በጥርሶቹ መሀል ደምና ሽበት ቀርቶበታል።

«ከዚህ በር በላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር ነው ያገኘነው» አለች። «ዩሱፍ ቢሆን የተደበቀበትን አያውቅም። አግኝቶት ቢመታበት እንኳ ጣና እግሩ ሥር ነው፤ ወርውሮ ይገላገል ነበር። ይኸ ሰው ግን መለሰው። ለምን? ፌሮው ከጠፋ ዓይን ሁሉ መምህራን ላይ እንደሚያርፍ ስላወቀ ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ አነሣው፣ ገደለበት፣ አጠበው። ሲመልሰው ግን ተጣድፎ ነበር፤ እጁ የለመደበት ወሰደው። ተረኛ በሆነ ቁጥር ወደሚሰቅልበት!»

«እናትዓለምም ልታስቀምጠው ትችላለች!» አለ አዘዘ።

«እስቲ ሞክሪ፣ ልጄ።»

እናትዓለም በእግር ጣቶቿ ቆማ ተንጠራራች። ከቆርቆሮው ክንድ ያህል ቀራት።

«ወንበር ላይ ወጥታ ቢሆንስ?»

«የራሷ መደበቂያ እያለላት፣ ደም የነካው ብረት ይዛ በር ላይ ወንበር ትጎትት? ተዉ እንጂ፣ መምህር! ይልቅ ጋዋንዎ የት አለ? ፖሊሶቼ ከሽንት ቤት ጉድጓድ ደም የተረጨ ጋዋን አውጥተዋል፤ ኪሱ ላይ ስምዎ ተጠልፏል። የሐይቅ ዳር ልጆችን እያወቁ ይጥሏቸው ነበር፤ እነሱ ካልተፈተኑ ከተፈታኙ የሚያልፈው ይበዛል ብለው ነው፤ ስም የሚያገኙትም እርስዎ ነዎት። ኪዳነ ወልድ ቅዳሜ ደረሱበት። ዛሬ ጧትም ‹ልጆቹ ይፈተናሉ፣ አንተንም እከስሃለሁ› ሳይሉዎት አልቀሩም።»

አዘዘ ጠረጴዛውን በጡጫ መታ። «ለትምህርት ቤቱ ብዬ ነው! እነሱ ዓሣ ያስግሩ! ማን ፊደል ቁጠሩ አላቸው?»

ዩሱፍ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ዘለለበት። ሁለት እጁን አንገቱ ላይ አስገብቶ ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። የአዘዘ ዓይን ፈጠጠ፣ ትንፋሹ ሲር ሲር አለ። ፖሊሶቹ ዱላ አነሡ፤ ዩሱፍ ግን ዱላ የሚሰማው ሰው አልነበረም።

ሪሃና በመሀላቸው ገብታ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች። «አባየ፣ ልቀቀው! ነገ ፈተና አለብኝ፤ አንተ ከታሰርህ ማን ያደርሰኛል?»

ዩሱፍ ልጁን አያት። ጣቶቹ አንድ በአንድ ከአዘዘ አንገት ተላቀቁ፤ በተሰነጠቀ ከንፈሩም «እኔ አደርስሻለሁ» አላት።