ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስም

«የወንዳፈረው ዳኘ የፈጠራ ሥራ» ይላል ካርቶኑ። ጣቢታ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከካርቶኑ በላይ፣ ከበርሜል ቆርቆሮ የቆረጠቻቸው ክንፎች በሆሳዕና ከተማ ትምህርት ቤት ግቢ በሚነፍሰው ነፋስ ይሽከረከራሉ። ጄኔሬተሩን ከተጋጨ የጭነት መኪና ላይ ለምና ያስፈታችው እሷ ናት። አምስት ወር ሙሉ እጇ በግራሶ ሲጠቁር፣ የክፍል ጓደኛዋ ወንዳፈረው መፍቻ ከማቀበል ያለፈ ሥራ አልሠራም።

«ምንድነው ይሄ?» አለችው።

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።» ወንዳፈረው ዙሪያውን ቃኘ። «ያንቺን ስም ብጽፍ ገና ጠዋት ያስወጡት ነበር። አባትሽ ወንጌላዊ መሆናቸውን የማያውቅ ካድሬ አለ? ከእስር የወጡት እንኳ አምና ነው። እኔ እኮ ላንቺው ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለህ? ጠይቀኸኛል?»

«ፋራ አትሁኚ! ካለፈ አዲስ አበባ ይሄዳል።»

«ማን ነው አዲስ አበባ የሚሄደው?»

ወንዳፈረው ካርቶኑን ማስተካከል ጀመረ። ጣቢታ ደሟ ፈላ። ከሁሉ በላይ ያናደዳት ከተናገረው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው።

በዚህ መሀል ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን የሚላኩትን ሥራዎች የሚመርጠው ካድሬ፣ ጓድ ሀብቴ፣ ማስታወሻውን ይዞ ደረሰ። ከጄኔሬተሩ ጋር የተያያዙት አምፖሎች ደምቀው በርተዋል። ወንዳፈረው እጁን እያወናጨፈ ማብራራት ጀመረ።

«አሁን ደግሞ ሞተር እናዞራለን» አለና ከአሮጌ ማራገቢያ የተፈታውን ሞተር ሰካ። ሞተሩ አቃሰተ፤ አምፖሎቹ ፈዘዙ። ወንዳፈረው ነፋሱ የደከመ መስሎት ቀና ብሎ ክንፎቹን አየ።

ነፋሱ ግን እንዳለ ነው። ሞተር ከሚሠራበት ኃይል ሌላ፣ በውስጡ መግነጢስ ለመፍጠር ብቻ ተጨማሪ ጅረት ይወስዳል፣ መልሶም ይልካል። ጄኔሬተሩ ይህን ካልቻለ ቮልቱ ይወድቃል። ለዚህ ነው ጣቢታ የጨው ውሃ ባልዲ ያዘጋጀችው። በባልዲው ውስጥ የተንጠለጠሉት ሁለት ቆርቆሮዎች ጠለቅ ሲሉ ከባትሪ ወደ ጄኔሬተሩ ጥቅልል የሚገባው ጅረት ይጨምራል፣ ቮልቱም ይነሣል፤ ወጣ ሲሉ ይቀንሳል። ይህን እስክታውቅ ድረስ አሥራ አንድ አምፖል አቃጥላለች።

ወንዳፈረው ቆርቆሮዎቹን ወደ ላይ ሳባቸው። መብራቱ ድርግም አለ።

«በቃ ይሄው ነው?» አለ ጓድ ሀብቴ።

የታባቱ፣ ይዋረድ! አለች ጣቢታ በሆዷ። ግን የሚዋረደው እሱ ብቻ ሳይሆን የእሷም ሥራ ነበር። እየተናደደች ወደ ባልዲው ሄዳ ቆርቆሮዎቹን ቀስ እያደረገች አጠለቀቻቸው። አምፖሎቹ ፍም መሰሉ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ነጭ ሆኑ። ሞተሩም መዞር ጀመረ። ከኋላ የቆሙት ተማሪዎች አጨበጨቡ።

«ረዳቴ ናት» አለ ወንዳፈረው ፈጠን ብሎ።

ጣቢታ ቀና አለች። «ረዳቱ አይደለሁም። የሠራሁት እኔ ነኝ። ጣቢታ ላምቤቦ እባላለሁ።»

ጓድ ሀብቴ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቆመ። «ላምቤቦ? የወንጌላዊው ልጅ?»

«አዎ።»

ሰውየው የሚዞሩትን ክንፎች አንድ ጊዜ አየ። ከዚያ ማስታወሻውን ዘጋና ምንም ሳይጽፍ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈ።

«ገደልሽው!» አለ ወንዳፈረው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «አሁን ደስ አለሽ?»

ደስ አላላትም። ካድሬውን ጠላችው፣ ወንዳፈረውን ጠላችው፤ አጨብጭበው አሁን ወደ መሬት የሚያዩትንም ጠላቻቸው። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነቀለች፤ ክንፎቹ እስኪቆሙ ጠብቃ ምሰሶውን አጋደመችው። ጄኔሬተሩ ለአንድ ሰው ከባድ ነው፤ ቤታቸው ደግሞ ከገበያው ማዶ ነው። ወንዳፈረው ጥግ ይዞ ቆሟል፤ አልሄደም።

«ይቅር አላልኩህም» አለችው። «በዚያ በኩል አንሣ።»