የኮምፒውተሩ ድምፅ አሟሟት

ሬሳው ጠረጴዛ ላይ ነበር። መብራቱ ይበራል፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ ድምፁ ብቻ ሞቷል። ሰቆጣ፣ በ1999 ዓ.ም.፣ በአንዲት የሥልጠና ክፍል ውስጥ የነበረው ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር ነው ሟቹ።

ወይዘሮ ብርሃነሽ ከአጎራባቹ ዝቋላ ወረዳ በእግራቸው የመጡት ለእሱ ነበር። ቤይሩት ያለችው ልጃቸው ሸጌ ድምጿን በሲዲ ቀድታ ልካላቸዋለች። ከሄደች ወዲህ ድምጿን አልሰሙም፤ ፍየሎቻቸውን ለጎረቤት ጥለው ስለመጡ ነገ መመለስ አለባቸው።

የክፍሉ ኃላፊ አቶ ንጋቱ፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ መልሰው የተባለው ዘበኛ ሲጠርግ ገመድ ጎትቶ ማሽኑን አበላሽቷል ብሎ ለፖሊስ አመለከተ። ሳጅን ይታየሽ መጣች።

መልሰው አንገቱን ደፍቶ ቆመ። «ዙሪያውን ነው የምጠርገው፣ ሳጅን። እሱን አልነካም፤ ይነክሰኛል ብዬ እፈራለሁ።»

ጸሐፊዋ ትግስት ደግሞ ድምፁ የጠፋው ከክፍሉ አጠገብ ይኖሩ የነበሩት የአቶ ደሞዝ ቀብር ዕለት መሆኑን ተናገረች። ያን ቀን ሰቆጣ አትረሳውም። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ የጭፈራ ዘፈን አካባቢውን አናወጠው። ሳጥኑ በተሸካሚዎቹ ትከሻ ላይ እስክስታ መታ ይባላል፤ እኔ አላምንም፣ ተሸካሚዎቹ ግን ይምላሉ። ሕዝቡ «የአላፊ መኪና ነው» ብሎ ሹፌሩን እስካሁን ይራገማል።

ሳጅን ሲዲውን አስገባች። የማጫወቻው መስመር ወደ ፊት ይሄዳል። የጆሮ ማዳመጫ ሰካች፤ እሱም ጭጭ።

«ምን ምን ሞከሩ፣ አቶ ንጋቱ?»

ድምፅ ማጉያውን ቀይሯል፣ ገመዱን ቀይሯል፣ የድምፅ ካርዱን አውጥቶ አራግፎ መልሶታል።

«የድምፅ መቆጣጠሪያ ፕሮግራሙን፣ ሚክሰሩንስ?»

ንጋቱ ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ። «እሱማ ደህና ነው።»

ሳጅን ወጥታ በአጥሩ ጥግ የለቅሶውን ድንኳን የካስማ ጉድጓዶች ስታይ ቆየች። ስትመለስ የአቶ ደሞዝን ሚስት ወይዘሮ ኪዳነምሕረትን ከነጥቁር ልብሳቸው ይዛ መጣች። ሁሉንም አስቀመጠች።

«መስመሩ ይሄዳል፤ ስለዚህ ማሽኑ እየዘፈነ ነው። ማዳመጫውም ጭጭ ካለ ጥፋቱ ከድምፅ ማጉያውም ከገመዱም አይደለም። አንድ ሰው በትእዛዝ አፉን ይዞታል። ይህ ማሽን ደግሞ ተዘግቶ ሲከፈትም የመጨረሻውን ትእዛዝ አይረሳም።»

ጥቁሩን የሚክሰር መስኮት ከፈተች። የድምፅ መጠን ዓምዶቹ ሁሉ እስከ አናታቸው ሞልተዋል፤ ከአንዱ ሥር ግን ኤም ኤም የሚሉ ሁለት ፊደላት ተቀምጠዋል። አፈና ማለት ነው።

«መልሰው ይህን መስኮት አያውቀውም። ትግስት ለቅሶ ቤት ነበረች። ካርድ ፈትተው እስኪያራግፉ የደከሙት ሰው መጀመሪያ የሚታየውን ቦታ ብቻ ዘለሉ፤ ለምን?»

ንጋቱ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«ድንኳኑ መንገዱን ዘግቶት ነበር» አለች ሳጅን ዝቅ ባለ ድምፅ። «ያን ቀን መኪና በዚህ አላለፈም።»

ወይዘሮ ኪዳነምሕረት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«ቀብሩ የሄደ መስሎኝ ነበር» አለ ንጋቱ። «ብቻዬን ነኝ ብዬ ዘፈን ከፈትኩ። በመስኮት ሳይ ሳጥኑ በራችን ላይ ነው። ደንግጬ አፈንኩት። ከዚያ ሰው ሹፌር መራገም ጀመረ፤ መልሼ ብከፍተው ያ ዘፈን ከዚህ እንደወጣ ይታወቃል ብዬ ፈራሁ። የገመዱን ሰበብ... በመልሰው ላይ ለጠፍኩት።»

ማንም ማንንም ማየት አልፈለገም። ትግስት እንኳ የጣቷን ጥፍር ትቆጥራለች።

«ባሌ ጭፈራ ይወድ ነበር» አሉ ወይዘሮ ኪዳነምሕረት በመጨረሻ። «እሱ አልተቀየመህም፣ ልጄ። በሕይወት ያለውን ይቅርታ ጠይቅ።»

ንጋቱ ወጣ። ሳጅን አንዲት ቁልፍ ተጫነች፤ ሁለቱ ፊደላት ጠፉና የሸጌ ድምፅ በአገሬው ቋንቋ በኽምጣንጋ ክፍሉን ሞላው። ወይዘሮ ብርሃነሽ ተነሥተው ድምፅ ማጉያውን በሁለት እጃቸው ያዙት። ከቀሩት ውስጥ ቋንቋውን የሚሰማ መልሰው ብቻ ነበር፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ንጋቱ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ተመለሰ። ከተማው ዛሬ ድንጋዩ የወፍጮ መጅ ያህል ነበር ይላል፤ እውነቱ ግን ጡጫ የሚያክል ነበር። በዘበኛው እግር ሥር ተንበርክኮ ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ።

መልሰው ሳይዞር እጁን አነሣ።

«ዝም ይበሉ፣ ጌታዬ። ልጅቱ እየተናገረች ነው።»