አፈሩን ያጎረስኩት እኔ ነኝ

የምትስቁ ካላችሁ አሁኑኑ ሳቁና ጨርሱ። በኋላ አትረብሹኝ።

ይሄ በራሴ የደረሰ ነገር ነው። ጓደኛዬ ነገረችኝ፣ አክስቴ ሰማች የሚባል ወሬ አይደለም። ደሙ ቱታዬ ላይ አሁንም አለ። አጥቤ አጥቤ አልለቅ ብሎኛል።

ቀኑ ሐሙስ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ። ካዛንቺስ፣ አዲሱ መንገድ ዳር።

ቀን ነው የምላችሁ! ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ከመንገዱ ማዶ ሰዎች ማኪያቶ ይጠጣሉ። ጨለማ የለ፣ መቃብር የለ። ለዚህም ይሆናል እስከዛሬ ማንም ያላመነኝ።

ኢፍቱ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ቄራ ነው። ባሌ ቡልቻ ይባላል። ያኔ ከተጋባን ገና ስምንት ወራችን ነበር።

እኔ፣ ቡልቻና ጓደኛችን ሰብሪና ሦስት ሆነን የአረንጓዴ ልማት ማህበር አቋቋምን። ቤቶች ከፈረሱበት ቦታ አንድ ቁራጭ መሬት ሳር አልብሱ ተብለን ተረከብን።

ሳር! ቀላል መስሎን ነበር።

ሦስት ጊዜ ተከልን። ሦስቴም ቢጫ ሆኖ ደረቀ።

ቡልቻ አፈር የሚወድ ሰው ነው። ጓንት አያደርግም። "ኧረ ጓንት አድርግ፣ ጠርሙስ ይቆርጥሃል" ስለው ይስቅብኛል።

"አንቺን በጓንት ነው እንዴ የምነካሽ?"

እንደዚህ ነበር የሚለኝ።

በመጨረሻ ጋሽ አጥናፉን አመጣናቸው። ጡረታ የወጡ የአፈር ባለሙያ ናቸው። እፍኝ አፈር አነሱና አሸተቱ።

"ሞቷል" አሉ።

"ምኑ ጋሼ?"

"አፈሩ ነዋ። ትል የለው፣ ፈንገስ የለው። ይሄ ሲሚንቶና ገረጋንቲ ነው። ደህና አፈር እኮ ልጆቼ፣ እፍኙ ውስጥ ከዓለም ሕዝብ የሚበልጥ ነፍስ አለበት። ቅጠሉን ይበላሉ፣ ይፈጩታል፣ ለሥሩ ያቀብላሉ። እነሱ ከሌሉ ሳሩን ማን ያብላው?"

ከቦርሳቸው ነጭ አቡጀዲ ጨርቅ አወጡ። አምስት ቦታ ቆርጠው አምስት ጉድጓድ ውስጥ ቀበሩት። ጫፍ ጫፉን ብቻ ከላይ አስቀሩት።

"በሁለት ወሩ ስባችሁ አውጡት። አፈሩ ነፍስ ከዘራ ይበላዋል። ካልዘራ እንዳለ ይመልስላችኋል። እስከዚያ ቅጠል ስጡት፣ ኮምፖስት ስጡት፣ ውሃ ስጡት። መታገስ ነው። ዓመት ሊፈጅ ይችላል።"

ዓመት!

ቦታውን የሰጠን ቢሮ ደግሞ በሁለት ወር ካልለመለመ ለሌላ ማህበር እንሰጠዋለን ብሎናል። እኔ ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። እናቴን ጠይቋት።

"ደም ብናፈስበትስ ጋሼ?" አልኳቸው። "እኛ ሰፈር ደም የፈሰሰበት ላይ ሳሩ ጉድ ነው የሚበቅለው።"

ፊታቸው ተለወጠ።

"ጥሬ ደም? በጭራሽ! ደም ያስለመድሽው አፈር..."

ቦርሳቸውን ዘጉ።

"ደም ያስለመድኩት አፈር ምን?"

"በቃ። አታድርጊው ልጄ።"

አደረግኩት።

ሰፈራችን የማውቀው አራጅ አለ። በየጠዋቱ አንድ ቢጫ ጀሪካን ደም እያስሞላሁ ተሸክሜ ካዛንቺስ እሄዳለሁ። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ቡልቻና ሰብሪና ሳይመጡ አፈሳለሁ። የጀሪካኑ እጀታ የተሰነጠቀ ነበር። ሁልጊዜ አውራ ጣቴን ይወጋኛል።

"ምንድነው የሚሸተኝ?" አለኝ ቡልቻ አንድ ቀን።

"የኮምፖስት ጭማቂ ነው" አልኩት።

ባሌን የዋሸሁት ያኔ ነው። የመጀመሪያዬ ነበር።

በዘጠኝ ቀኑ ሳሩ ፈነዳ። አረንጓዴ ስላችሁ... ዓይን የሚያም አረንጓዴ! ሰብሪና እልል አለች። ቡልቻ አፈሩን ሲገልጠው ጣት ጣት የሚያክል ትል ተርመሰመሰ። እንደ ሕፃን ልጅ ሳቀ።

እኔም ሳቅኩ። ምን ነበረበት መሰላችሁ? ምንም።

ከዛ ትንንሽ ነገር ማየት ጀመርኩ።

ደሙን ሳፈስ መሬቱ ላይ አይፈስም። ገና ከመንካቱ ይጠፋል። ድምፅም አለው። ምጥጥ... ምጥጥ...

ወፍ አያርፍበትም። ዙሪያውን ሁሉ እርግብ ሞልቶ እኛ ሳር ላይ አንዲት አትደርስም።

በአስራ አንደኛው ቀን አንዱን አቡጀዲ ሳብኩት። ጫፉ ብቻ እጄ ላይ ቀረ። የበሰበሰ አይመስልም። የተነከሰ ነው የሚመስለው።

በማግስቱ ሳሩ ላይ አንዲት ድመት ሞታ አገኘን። ቁርስ በልተን እናነሳታለን ብለን ሄድን። ስንመለስ ሰብሪና ክንዴን ያዘችኝ።

"ኢፍቱ..." አለች በሹክሹክታ። "ቅድም ሥጋ ነበራት አይደል?"

አጥንት ብቻ ነበር። ታጥቦ የተሰጣ ይመስል ነጭ።

ለጋሽ አጥናፉ ደወልኩላቸው። መጡ። ጎንበስ ብለው አሸተቱና እኔን አዩኝ።

"ምን አበላሽው?"

እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ።

"ስሚኝ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "በአንዴ እንዳታቆሚ። ባንድ ጊዜ ከከለከልሽው እሱ ነው የሚያስፈራው። ቅጠልና ኮምፖስት እየጨመርሽ፣ ደሙን ቀስ እያልሽ ቀንሺ። ለልጆቹም ንገሪያቸው፣ እጃቸውን እንዳያስገቡ።"

እኔ ምን አደረግኩ? ፈራሁ። በዚያው ቀን አቆምኩ። ጀሪካኑን ቡልቻ እንዳያይብኝ ሳሩ ጥግ ቆፍሬ ቀበርኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ ልንገረው? የኮምፖስት ጭማቂ ያልኩህ ደም ነበር ልበለው?

ሰኞ አቆምኩ። ማክሰኞ አለፈ። ረቡዕ ሳሩ ወደ እግረኛው መንገድ ያዘነበለ መሰለኝ። ነፋስ ነው አልኩ። ነፋስ ግን አልነበረም።

ሐሙስ...

የቢሮው ሰዎች ከሰዓት ሊያዩ ይመጣሉ። ቡልቻ ከቀሩት አቡጀዲዎች አንዱን አውጥቶ ሊያሳያቸው ፈለገ። ጫፉ ግን ጠልቋል። በሆዱ ተኛና ግራ እጁን አፈሩ ውስጥ ሰደደ።

"ተው!" አልኩ። አልሰማኝም።

"ያዝኩት!" አለ። ክንዱ እስከ ክርኑ ገብቷል። ከዛ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ።

"ኢፍቱ..."

"ወዬ።"

"የሆነ ነገር ይዞኛል።"

"ኧረ አትቀልድ በናትህ!"

"አልቀለድኩም..." በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። "ጣቴን እየጠባኝ ነው።"

ከዛ ጮኸ።

ሰው እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ቄራ ነው ያደግኩት፣ የሚታረድ ከብት ድምፅ አያስደነግጠኝም። የዚያን ቀን ግን ጆሮዬን በእጄ ደፈንኩ።

ሰብሪና ወገቡን ይዛ ጎተተች። እኔ ትከሻውን ያዝኩ። ክንዱ ትንሽ ወጣ። ቆዳ የለውም! ከክርኑ በታች ቀይ ሥጋ ነው። ነጭ ክር ተጠምጥሞበታል፣ ትሎቹ ሥጋው ውስጥ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። አየሁት። በዓይኔ አየሁት።

ከዛ መሬቱ ሳበው። በአንድ ጊዜ እስከ ብብቱ ገባ። ጉንጩ ሳሩ ላይ ተለጠፈ። እያንዳንዱ ሳር ወደ ፊቱ ጎነበሰ።

አጥር የምንከረክምበት ገጀራ አጠገቤ ነበር።

አየው። ከዛ እኔን አየኝ።

"ቁረጪው።"

"አልችልም..."

"ኢፍቱ! ቁረጪው!"

"አልችልም ቡሌ! አልችልም!"

"ጭንቅላቴን ሊወስደው ነው!"

"ሰብሪና፣ ጎትቺው! አንዴ ብቻ ጎትቺው!"

ጎተተችው። ክርኑ ብቅ አለ። ዓይኔን ጨፍኜ ከክርኑ በላይ መታሁ። አጥንት ነካ፣ ተመለሰብኝ። ደሙ አፌ ውስጥ ገባ። ደግሜ መታሁ። ቡልቻ መጮህ አቆመ። በሦስተኛው ተቆረጠና ሦስታችንም ወደ ኋላ ወደቅን።

ክንዱ ገባ። ቀለበቱ ጣቱ ላይ እንዳለ።

ሰብሪና ሻርፗን አውልቃ ጠምጥማ አሰረችው። ደሙ ይንዶለዶላል። ሳሩ ላይ ግን አንድ ጠብታ አይታይም።

ምጥጥ... ምጥጥ...

አስፋልቱ ላይ ስናደርሰው ዞር ብዬ አየሁ። ደሙ በተንጠባጠበበት መስመር ሁሉ አፈሩ ከፍ ዝቅ እያለ እስከ ጠርዙ ተከትሎናል። ጠርዙ ላይ ቆመ።

ከማዶ ማኪያቶ ከሚጠጡት አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጽ ነበር። ቪዲዮው ላይ የሚታየው ገጀራ ያነሳች ሚስት ብቻ ነው። ፖሊስ አስራ አንድ ቀን ያዘኝ። ቡልቻ ነው ከሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ "ሕይወቴን ያተረፈችው እሷ ናት" ብሎ ያስፈታኝ።

ገባችሁ? እኔ ነኝ ያስበላሁት። እሱ ግን አመሰገነኝ።

ቦታውን ሁለት ሜትር ቆፈሩት። ክንድ የለም። ቀለበት የለም። የቀበርኩት ጀሪካንም የለም። ከዛ ሞልተው ታይል አነጠፉበት።

ቡልቻ ዳነ። ቄራ ኮንዶሚኒየማችን ገባን፣ አራተኛ ፎቅ። መሳቅም ጀምሮ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ "እጄ በረደኝ" አለኝ።

"አምጣው ላሙቀው" ብዬ ቀኝ እጁን ያዝኩት።

"እሱ አይደለም።"

ሐኪሙ የተቆረጠ እጅ እንዳለ ሆኖ ይሰማል፣ የተለመደ ነው አለን። እሺ አልን።

በሳምንቱ "እርጥብ ቦታ ነው" አለ። ቀጥሎ "ጨርቅ አስያዙኝ" አለ። ማን እንዳስያዘው አልጠየቅኩትም። ከዛ ደግሞ እየሳቀ፣ ግን ፊቱ አመድ መስሎ፣ "ኢፍቱ፣ በጣቶቼ እየቧጠጥኩ ነው። ወደ ላይ" አለኝ።

ትናንት ደግሞ ሻይ እየጠጣን ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"እጀታ ይዣለሁ።"

"የምን እጀታ?"

"እንጃ... ፕላስቲክ ነው። ባዶ ነገር ነው፣ ቀላል ነው። የተሰነጠቀ ነገር አለው መሰለኝ፣ አውራ ጣቴን ይወጋኛል።"

ሻዩ ከእጄ ወደቀ።

እስከዚህ ድረስ ትናንት ነው የጻፍኩት። ቡልቻ ይሄ ጽሑፍ የሚወጣበትን ቻናል ሳያነብ አይተኛም። ፊት ለፊቱ ቆሜ መናገር ስላቃተኝ እዚህ ልናዘዝለት ነበር። ላኪ የሚለውን መጫን አቃተኝና ተኛሁ። የሚቀጥለው የዛሬ ጠዋት ነው።

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ በራችን ተንኳኳ።

ዝቅ ብሎ ነው የተንኳኳው። ጉልበቴ አካባቢ።

ከፈትኩ። ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም። ደፉ ላይ ቢጫ ጀሪካን ቆሟል። ታጥቧል። ባዶ ነው። ክዳኑ ተከፍቷል።

እጀታው ላይ ጭቃ አለ። ገና ያልደረቀ የአምስት ጣት ጭቃ። በአንደኛው ጣት በኩል ጭቃው ላይ ቀጭን የቀለበት መስመር ይታያል።

ቡልቻ ከኋላዬ መጣ። እጀታውን አየው። የጎደለ ክንዱን አየው። ከዛ እኔን።

"ኢፍቱ... ይሄ ጀሪካን የማነው?"

ሮጬ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። አሁን ከዚያ ነው የምጽፈው።

ቡሌ፣ የኮምፖስት ጭማቂ አልነበረም። ደም ነው። ጋሽ አጥናፉ እጁን እንዳያስገባ ንገሪው ብለውኝ ነበር፣ አልነገርኩህም። አፈሩን ያጎረስኩት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።

ልልከው ስል ከውጭ ጠራኝ። በሹክሹክታ።

"ኢፍቱ..."

"ወዬ ቡሌ።"

"እጀታው ከበደኝ።"

"ምን አልከኝ?"

"እየሞላ ነው..."

ባዶ ነበር። ቅድም በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ባዶ ነበር።

"ቡሌ?"

የሆነ ነገር ቀስ እያለ ይንቆረቆራል።

ተንበርክኬ በበሩ ሥር ባለው ክፍተት አየሁ። ጀሪካኑ ቤት ውስጥ ነው። አጠገቡ የቡልቻ ባዶ እግሮች ቆመዋል። ሁለቱም እንደዚያ አቡጀዲ ነጥተዋል።