ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ሰባት ደቂቃ

ቡዳ አየሁ፣ ዛር አነጋገረኝ የሚል ሰው ሲገጥመኝ "ጠላው በዝቶብህ ነው" ብዬ የማሾፍ ሴት ነኝ፣ ፊደል የቆጠርኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው፣ ማንበብ የቻልኩ ዕለት እንዲህ ያለውን ወሬ ሁሉ ጥዬዋለሁ። እንግዲህ ይኼን የምታወራላችሁ ያቺው ሴት ናት።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ነሐሴ፣ የፍልሰታ ጾም። ቡሬ ያለችው ታናሽ እህቴ የሺ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ መሆኑን በስልክ ላኩብኝ። እኔ ፍኖተ ሰላም የሰፈሩ ሁሉ አዋላጅ ነኝ፣ ለገዛ እህቴ ልቅርባት? ግን ጎርፍ ድልድዩን ወስዶታል፣ አውቶቡስ የለም፣ በእግር በዚያ ጭቃ ሙሉ ቀን ነው፣ ለዚያውም ወንዙ ካሻገረ።

ደግነቱ ክትባት የጫነች ትንሽ አውሮፕላን ከከተማው ዳር አርፋለች። ሜዳው ዙሪያውን ውሃ ተኝቶበት ደሴት ሆኗል፣ የቡሬውም እንደዚያው ነው አሉ።

"ከደሴት ደሴት ሰባት ደቂቃ ነው፣ እማማ" አለኝ አብራሪው፣ እማማ ማለቱ ራሱ አናደደኝ፣ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነበር። "ግን ያለ ይለፍ ወረቀት አላሳፍርም።"

ለሰባት ደቂቃ መንገድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት የቀበሌው ሊቀ መንበር ደጃፍ ተገተርኩ! አንዴ "ስብሰባ ላይ ናቸው"፣ አንዴ "ማኅተሙ ተቆልፎበታል"፣ አንዴ "ምጥ መሆኑን በጽሑፍ ታቅርብ" ይላል ጸሐፊው።

"ምጡን ራሱን ላቅርብልህ?" ብዬ ጮኽኩበት፣ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ማኅተሙ ግን አልሳቀም። ሦስት ሰዓት ግድም "እቴቴ!" የሚል የእህቴን ድምፅ ሰምቼ ዞርኩ፣ ማንም የለም። በስንት መከራ ማኅተሙ አረፈ፣ ጸሐፊው ከሥሩ "ስድስት ሰዓት" ብሎ ጻፈበት።

ተነሣን። ደመናው ውስጥ ስንገባ በሞተሩ ጩኸት ሥር ሕፃን አለቀሰ፣ እመኑኝ፣ አብራሪውም አንገቱን አዙሮ ወደ ኋላ አየ፣ ከኋላችን ያለው የክትባት ሣጥን ብቻ ነው።

"ሰማህ?"

"ሞተር ነው" አለኝ፣ ፊቱ ግን ዐመድ መስሏል።

ቡሬ ስናርፍ ሰዓቱን አሳየኝ፣ ሰባት ደቂቃ፣ አልጨመረም አልቀነሰም። ውሃውን እስከ ጉልበቴ እየዳከርኩ ተሻግሬ፣ እያለከለክሁ ብደርስ የእህቴ ባል ምትኩ ደጅ ቆሞ፣

"ውይ እትዬ፣ ምን ረስተው ተመለሱ?" አይለኝም!

"ከየት ነው የምመለሰው? አሁን መድረሴ ነው!"

"ኧረ አይቀልዱብኝ! ሦስት ሰዓት ላይ ያዋለዷት እርስዎ፣ አሁን እጄን ልታጠብ ብለው የወጡ እርስዎ!"

ገፍቼው ገባሁ። የሺ ሴት ልጅ ታቅፋ ፈገግ አለችልኝ። የልጅቱ እትብት በሦስት ቋጠሮ ታስሯል፣ ሦስተኛው ወደ ግራ የዞረ፣ እንዲያ የማስር እኔ ብቻ ነኝ።

"ስወጣ ምን አልኩሽ?" አልኳት።

"'ለዚችም ምጥ የምደርስላት እኔ ነኝ' አልሽ፣ ከመቼው ረሳሽው?"

ወረቀቱ እስከ ዛሬ አለኝ፣ ከነማኅተሙ፣ ከነስድስት ሰዓቱ። ያላሳየሁት ሰው የለም፣ አንዱ "ሰዓት ተምታቶባችሁ ነው" ይለኛል፣ ሌላዋ "የእመቤታችን ሥራ ነው፣ አመስግኚ" ትለኛለች። ላመስግን፣ ግን ማንን?

ያቺ ልጅ ዛሬ እርጉዝ ናት፣ ወሯ ገብቷል። ዘንድሮስ ማንም አይቀድመኝም ብዬ አስቀድሜ ቡሬ መጥቼ ከቤቷ ተቀምጫለሁ። ትናንት ከሰዓት ልብስ አስጥቼ ስገባ ከአልጋዋ ቀና ብላ አየችኝ፣ ቀጥላም የጓዳውን በር አየች።

"እትዬ፣ አሁን ወደ ጓዳ አልገቡም እንዴ?"

ከጓዳው ውስጥ፣ እጁን የሚታጠብ ሰው የውሃ ድምፅ ይሰማል።