እርጥብ አንሶላ ወደ ታች አይወርድም

የሕፃናት ማቆያው ዋና ሞግዚት ከደረጃው ግርጌ ሞታ ተገኘች። አጠገቧ የልብስ ቅርጫት ተገልብጦ አንሶላው ተበትኗል። ልጆቹ «እታለም» ይሏት ነበር። እዚያ ቤት ውስጥ እሷ አቅፋ ያላባበለችው ሕፃን አልነበረም።

መርማሪዋን አለቃዋ የላካት «ተሰናክላ ነው፤ አይተሽ ቶሎ ነይ» ብሎ ነው። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ፍሬውን ከገለባው ሳትለይ እጇ አያርፍም። የአለቃ ትእዛዝ አንዳንዴ በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ደግ ታደርጋለች።

መጀመሪያ ያየችው የሟቿን እግር ነው። የውጪ ጫማ አድርጋለች። የቤቱ ሠራተኞች ከደረጃው አናት ባለችው ክፍል ጫማ ይቀይራሉ፤ ልጆች ስለሚድሁ ሥራ ላይ ሁሉም ነጠላ ጫማ ነው የሚያደርጉት። ቀጥላ አንሶላውን ነካችው። እርጥብ ነው።

አለቃዋ ደወለ። «እስካሁን እዚያ ነሽ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»

«እንግዲያው ሞኝ ነኝ» ብላ ዘጋችበት።

ያን ጠዋት ከልጆቹ ጋር የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ዳይሬክተሯ፣ የልጆቹ መኪና ሾፌር የሆነው ታናሽ ወንድሟ፣ እና ወጣቷ ሞግዚት። በመጀመሪያ ያነጋገረችው ወጣቷን ነው።

«ጠብ ነበራት?»

«ከማንም ጋር አልነበራትም። ትናንት ግን ከሕፃናቱ የአንዷን፣ የሚጡን ክንድ አሳየችኝ። የአዋቂ ጣት በልዞ ታትሞበታል። ‹ጠዋት ለእትዬ እነግራታለሁ› አለችኝ። ደንባችን ነው፤ የጠረጠርነውን መጀመሪያ ለዳይሬክተራችን ለእትዬ ነው የምንናገረው።»

«እትዬ ዝም ብትልስ?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «እኛም ዝም እንላለን።»

ወንፊት ከማጠቢያ ክፍሉ እርጥብ አንሶላ የሞላ ሌላ ቅርጫት አውጥታ ነበር። «እታለም ልታደርስበት ወደነበረው ቦታ ውሰጂልኝ» አለቻት። ወጣቷ ተሸክማው ወደ ጣሪያው ወጣች።

ቀጥሎ የዳይሬክተሯ ተራ ሆነ። «ይህን ቤት ያቆምኩት በሁለት እጄ ነው። ያኔ የልጆቹን ጨርቅ የማጥበውም እኔው ነበርኩ።»

«ስለ ሚጡ ክንድ ሰምተዋል?»

«ልጅ ይወድቃል እኮ። የቤታችን ገመና ነው፤ እዚሁ እንጨርሰዋለን።»

ለእሷም ቅርጫቱ ተሰጣት፤ እያለከለከችም ቢሆን ጣሪያው ላይ አደረሰችው። ሾፌሩ ግን ቀልደኛ ነው። «እኔ ውጪ መኪናዬን ሳጥብ ነበር። እነዚህ ሴቶች ቅርጫት ከታቀፉ እግራቸውን አያዩም» አለና፣ እሱም እንደ ሁለቱ ሲታዘዝ ቅርጫቱን አንሥቶ ምድር ቤት ካለው የአንሶላ ቁም ሣጥን ሥር አስቀመጠው።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በመጫወቻው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ከልጆች ወንበር በስተቀር መቀመጫ ስላልነበረ የሾፌሩ ጉልበት አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለች። «እታለም የውጪ ጫማ አድርጋለች፤ ስለዚህ ከቤቱ እየወጣች ነበር። ለዳይሬክተሯ ተናግራ መልስ አጣች። የቀራት የሕፃናት ጥበቃ ቢሮ ነው። ቢሮ የሚሄድ ሰው አንሶላ ተሸክሞ አይሄድም። ቅርጫቱን ሌላ ሰው ነው ከማጠቢያው አምጥቶ አጠገቧ የገለበጠው፤ የተሰናከለች እንድትመስል።»

«ማንም ሊያመጣው ይችላል» አለ ሾፌሩ።

«የለም። እዚህ ቤት ልብስ የሚታጠበው ታች፣ የሚሰጣው ጣሪያ ላይ ነው። እርጥቡ ይወጣል፣ ደረቁ ይወርዳል። ስትወርድ ለወደቀች ሴት እርጥብ አንሶላ የሚያስታቅፋት፣ አንድም ቀን ልብስ አጥቦ የማያውቅ ሰው ነው። ሁለቱ ቅርጫቱን ጣሪያ አደረሱት። አንተ ቁም ሣጥን ሥር ወሰድከው።»

ሾፌሩ ሳቀ። «ሰው በአንሶላ ይከሰሳል?»

«በአንሶላ ብቻ አይደለም። ዳይሬክተር፣ እታለም የነገረችዎትን እርስዎ ለማን ነገሩ?»

ዳይሬክተሯ ወንድሟን አየችው። «ለእሱ። ሚጡ መኪና ውስጥ ስታለቅስ ጎትቷት እንደነበር አመነልኝ። ‹እታለምን ይቅርታ እጠይቃታለሁ› ብሎኝ ነው ወደ ላይ የወጣው።»

«እህቴ ሆነሽ?» አለ ሾፌሩ። ቀልዱ ጠፍቷል። «ተይ ብዬ ለመንኳት። አልፋኝ ልትሄድ ስትል ገፋ አደረግኳት። ገፋ ብቻ።»

ፖሊሶች መጥተው ይዘውት ወጡ። ዳይሬክተሯ የወንፊትን እጅ ያዘች። «እሱስ ይሁን። የሚጡ ነገር ግን እዚሁ ይቅር። ቤቱ ይዘጋብኛል፤ ገመናችን አደባባይ ይወጣል።»

«ገመና የአዋቂ ነው። የሕፃን ቁስል የማንም ገመና አይደለም» አለች ወንፊት። ንዴቷን አልደበቀችም።

ልትደውል ስልኳን አውጥታ ነበር። ወጣቷ ሞግዚት ቀድማት ስትነሣ አይታ መልሳ ከተተችው። ልጅቷ ወደ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገብታ የጠረጴዛውን ስልክ አነሣች።

«ማን ፈቀደልሽ?» አለች ዳይሬክተሯ ከኋላዋ። «ነገ ሥራ የለሽም።»

«ማንም አልፈቀደልኝም፣ እትዬ። እታለም ፈቃድ ጠይቃ ነው የሞተችው።»

ቁጥሩን ደወለች። «የሕፃናት ጥበቃ ነው? ክንዷ ስለበለዘ ልጅ ልነግራችሁ ነው። ሌሎቹንም ልጆች መጥታችሁ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። አዎ፣ እዚሁ ነው የምሠራው። ስሜንም መዝግቡት።»