አንድ ሰው ብቻ የሚያስገባው ኮምፒውተር

መንፈስ፣ ጥላ፣ ምትሃት ሲባል ከሚስቁት ወገን ነበርሁ፣ ዩኒቨርሲቲም ያስተማረኝ ማስረጃ የሌለውን እንዳልቀበል ነው፤ ስለዚህ ይህን ስነግርህ፣ እመነኝ፣ ከአንተ ይልቅ የምጠራጠረው እኔው ነኝ፣ የማስታውሰው ሁሉ እንደዚያው ስለ መሆኑም አልምልም።

ባለፈው ክረምት ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ የሄድሁት የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር፣ ዋናው ኮምፒውተር ማለት ነው፣ በተከፈተ ቁጥር ያለ ሥዕል፣ በጽሑፍ ብቻ እንዲነሣ ላስተካክል ነበር፣ ማሽኑ አርጅቶ ሥዕሉ ይከብደዋልና። ሥራውን እንደ ጀመርሁ የቀብር ጥሩንባ ተነፋ፣ በዚያ አገር ጥሩንባ ከተነፋ ደግሞ ቢሮ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም ጋቢውን ደርቦ ይወጣል፤ የንብረት ክፍሉ ጋሽ አለምነህም የብረቱን በር ከውጭ ቆልፈውብኝ ሄዱ። "ጋሼ! እኔ አለሁ እኮ!" ብዬ ጮህሁ፣ የሚሰማኝ አልነበረም፣ ስልካቸው ዝግ ነው፣ መስኮቱ ፍርግርግ ነው፣ ከጮቄ ተራራ የወረደው ጉም መስታወቱን ሸፍኖታል።

ደንግጬ ነው መሰለኝ ተሳሳትሁ፤ መነሻ እንዲሆን ያዘዝሁት የጽሑፉን ሳይሆን ማሽኑ ሲበላሽ ብቻ የሚከፈተውን የጥገና ሁኔታ ነበር፣ እሱ ደግሞ ከአንድ ሰው በቀር ማንንም አያስገባም። በዚያው ተነሥቶ ላርመው ስል፣ እንዲያው ለወጉ፣ ማን ማን እንደ ገባ ማሽኑን ጠየቅሁት፣ ሁለት መስመር መለሰልኝ፣ በሁለቱም ላይ የእኔ ስም። የኔትወርኩን ገመድ ነቀልሁ፣ አጥፍቼ አስነሣሁት፣ አሁንም ሁለት። ያን ጊዜ ከጀርባዬ፣ ባዶ ግድግዳ ካለበት፣ ትንፋሽ ሰማሁ፣ የራሴ ነው ብዬ ትንፋሼን ያዝሁ፣ እሱ ግን ቀጠለ።

በሩን ስደበድብ ቆይቼ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ይመስለኛል፣ ተከፈተ፣ ጋሽ አለምነህ ቁልፉን እንደ ያዙ አፈጠጡብኝ።

"በሥላሴ! አንተ በየት ገባህ?"

"የት ወጥቼ? እርስዎ አይደሉ የቆለፉብኝ!"

"ስትወጣ አይቼ ነው እንጂ የቆለፍሁት! ቃሬዛውን አብረኸኝ ተሸክመህ፣ 'አይ የተማረ ሰው፣ ትከሻህ የገብስ አገዳ ነው' ስልህ ስትስቅ አልነበር?"

ግራ ትከሻዬን አመመኝ፣ ያመመኝ ቀድሞ ይሁን እሳቸው ከነገሩኝ በኋላ ግን ዛሬ መለየት አልችልም።

ቦርሳዬን እንኳ ሳላነሣ ወጣሁ፣ እሳቸውም መልሰው ቆለፉ። ጥቂት እርምጃ እንደ ሄድን በሩ ከውስጥ ተደበደበ፣ ልክ እኔ ስደበድብ እንደ ዋልሁት።

"ሰው ትተናል እንዴ? ልክፈተው?"

ያን ሁሉ ሰዓት ክፈቱልኝ ስል የዋልሁት እኔ፣ "ይተዉት፣ ጋሼ" አልኋቸው፣ ድብደባውም ወደ ደብረ ማርቆስ የተሳፈርሁበት ሚኒባስ እስኪነሣ ድረስ ይሰማኝ ነበር፣ ወይም ይሰማኝ የነበረ ይመስለኛል።